የማያለቅሱ ልጆች

እንጅባራ
ጥቅምት 7 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ርሆቦት፣ የልቤ ማረፊያ፣

ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ገብቷል። ጠዋት ሱቅ ስከፍት የስፌት መኪናው ብረት ከመቀዝቀዙ የተነሣ እጄን ይለበልበኛል። ከዚህ በቀር ደህና ነኝ፤ ጌታ ጠብቆኛል። ዓይኔ ብቻ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሾለክ እምቢ ብሎኛል። የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየጠራሁ ክር አስገቡልኝ እላቸዋለሁ፤ እነሱም ከረሜላ ካልሰጠሁ አያስገቡም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ መርዋን ነው፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የሐሰንና የራሂማ ልጅ። እዚያው ዱባይ አንቺን አንዳንዴ እንደሚያይሽ አውቃለሁ። በክረምት መጥቶ ነበር፤ አሁን በረራው ሲከፈት ወደ ሥራው ሊመለስ ነው። ሽሮና በርበሬ አሸክሜዋለሁ። "እማማ፣ ሻንጣዬ ሞልቷል" ሲለኝ የራሱን ጫማ አውጥቼ ያንቺን ሽሮ ከተትኩበት። ጫማውን በእጁ ይዞ ቢመጣ እንዳትደነግጪ።

የምጽፈው በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ስትደውይ አንቺ "ደህና ነኝ እማ" ትያለሽ፣ እኔ "ደህና ነኝ ልጄ" እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ባይቆራረጥም እንደተቆራረጠ አድርገን እንዘጋዋለን። በግንቦት "እማ፣ በቃ፣ ዕቃውን ሽጪውና ቤቱን ለባለቤቱ መልሺለት" አልሽኝ። እኔ "እስቲ ትንሽ ቆይ" ስልሽ "እንዳሻሽ" ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ስለከፈትሽው ጂም አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ እኔም አንስቼብሽ አላውቅም። አሁን ግን ሁሉንም ከሥሩ ልንገርሽ። ሥራ ውለሽ ከሆነ ዕረፍት አድርገሽ፣ ሻይሽን ይዘሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አንቺ በየካቲት ስትሄጂ የጂሙ ግድግዳ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። "ከዱባይ ሥራዬ የቀረውን ሒሳቤን ተቀብዬ፣ ሁለት መሮጫ ማሽን ጭኜ ለፋሲካ እመጣለሁ" ብለሽ ጉንጬን ስመሽ ሄድሽ። ቁልፉን ለእኔ፣ ጠዋት ስፖርት የሚሠሩትን ሴቶች ለጓደኛሽ ለአምሳል አደራ አልሽ። አምሳል መቼም አደራ ታውቃለች። ጉልበቷ ተጎድቶ ሩጫ ያቆመች ልጅ ናት፤ ከዳንግላ መጥታ እኛ ቤት የኋላውን ክፍል ይዛ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ የጠዋቱን ሥራ አላስታጎለችም። ሴቶቹም እየበዙ ነበር። እኔ ከሱቄ ሆኜ ሳቃቸውን እሰማ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ሥራሽ አይገባኝም ነበር። ብረት አንስቶ መልሶ እዚያው ማስቀመጥ ምን ይሉት ሥራ ነው እል ነበር በሆዴ። ግን አንቺ ስለወደድሽው እኔም ወደድኩት።

በመጋቢት ወር ሁለት ፖሊሶች መጡ። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ አንደኛው ሱሪውን እኔ ነኝ የማሳጥርለት። "እማማ፣ በኮሮናው ምክንያት ሰው የሚሰበሰብበት ሁሉ ይዘጋ ተብሏል" አሉኝ። አምሳል ሴቶቹን እየሸኘች፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ ወልውላ ከደረደረች በኋላ በሩን ዘጋን። ትንሽ ቆይቶ ከተማዋም ራሷ ተዘጋች። ጎረቤታችን ጥሊሊም ተዘጋ ተባለ። ልጄ፣ ያንን ብታዪ ታለቅሺ ነበር። አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ የለ፣ ባጃጅ የለ፤ ባለቤታቸው የለቀቃቸው ፈረሶች በመንገዱ መሀል እንደ ባለሥልጣን ቀስ ብለው ሲሄዱ አየሁ።

መንገዱ ሲከፈት ጂሙ አልተከፈተም። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ይሄይስ አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጡ። ኮታቸው ተተርትሮ ነበርና እሱን እያየሁ እሳቸው ሲናገሩ ሰማሁ።

"ወይዘሮ የሻረግ፣ በእርስዎ ላይ መክፋት አልፈልግም" አሉኝ። "ግን አንድ የድንች ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ጠይቆኛል። እስከ ክረምቱ መግቢያ ልታገሥ። ከዚያ እንግዲህ..."

"ከዚያ እንግዲህ ጌታ ያውቃል ጋሼ" አልኳቸው። ኮታቸውን ሰፍቼ ሰጠኋቸው። ያንኑ ሰሞን ነው አንቺም ደውለሽ ሽጪው ያልሽኝ።

አንቺ እንደምታስቢው ቃልሽን አልናቅሁም። ልሸጠው ሞክሬ ነበር። ከዳንግላ አንድ ነጋዴ አይሱዙ ይዞ መጣ። ሰውዬው ገብቶ ምኑ ለምን እንደሚሆን እንኳ አልጠየቀም። ብረቶቹን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገና "ይሄ በኪሎ ነው" አለ። ያንን ቆሞ የሚረገጠውን ብስክሌት አየና "ከዚህስ ሰንሰለቱ ብቻ ነው የሚጠቅመኝ" አለ። ተስማምተናል፣ ምን እላለሁ። ጫኝ ልጆቹ ብረቱን ወደ መኪናው ላይ ሲወረውሩ ድምፁ መንገዱን አናወጠው።

አምሳል በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ብረት ከእጃቸው እየተቀበለች በጨርቅ ትወለውላለች።

"ልጄ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? የሚሸጥ ዕቃ እኮ ነው" አልኳት።

"የሴቶቹ ላብ አለበት እማማ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ላባቸው አብሮ አይሸጥ።"

ወደ መኪናው ሄድኩና "አውርደው" አልኩት ሰውዬውን።

"እንዴ! ተስማምተን አልነበረም እንዴ?"

"ተስማምተን ነበር። አሁን አልተስማማሁም። አውርደው።"

የቱን ያህል እንደተሳደበ አልጽፍልሽም፤ መርዋን በመንገድ ላይ ከፍቶ ቢያነበው ያፍራል። ግን አወረደው። አምሳል እያለቀሰች ትስቃለች፣ እኔ ደግሞ አሁን ምን ልናደርግ ነው እያልኩ መሀል መንገድ ላይ ቆሜያለሁ።

መልሱን ያመጣችው ራሂማ ናት፤ እሷም ሳታውቀው። ስኳር እንዳለባት ታውቂያለሽ፤ አንቺ ጋ ስፖርት መሥራት ከጀመረች ወዲህ ቀለል ብሏት ነበር። መንገዱን ተሻግራ መጥታ ከሱቄ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። "እግሬ መደንዘዝ ጀመረ የሻረግ" አለችኝ። "ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ይለኛል። የት ልንቀሳቀስ? ከመደርደሪያው እስከ ሚዛኑ? የልጅ ልጄን ኢሕሳንን አዝዬ ጓሮ ለጓሮ እዞራለሁ። ልጅቷ ደግሞ ሰለቸቻት፣ ታለቅስብኛለች። ትክክል ናት፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አለቅሳለሁ።"

እኔ እሷን እየሰማሁ እጄ ቁራጭ ሸራ ላይ ነበር፤ ለመኪና ሽፋን ከሰፋሁት የተረፈ። አየሁት። አየኋት። "ነገ ነይ" አልኳት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሸራውን በድርብ ቦርሳ አድርጌ ሰፋሁ፤ ጀርባ እንዳይወጋ ጥጎቹን አከበብኳቸው፤ እንደ አንቀልባ የሚታሰር ማዘያ አበጀሁለት፣ ለእጅም ሁለት ማንጠልጠያ ጨመርኩ። አምሳል ከወንዝ ዳር አሸዋ አምጥታ በወንፊት ነፋችው። ሐሰን ስኳር በሚመዝንበት ሚዛን አሸዋ ሲመዝን ብታዪው! "ይህን ያየ ደንበኛ ከእኔ ሁለተኛ ስኳር አይገዛም" እያለ ይስቃል። ጠዋት ራሂማ አዝላው ጓሮዋን ዞረች። ከአጥሩ ወዲህ አምሳል ቆማ "ቀጥ በይ! ትከሻሽን ልቀቂው! ቁጭ፣ ብድግ!" ትላታለች። በሳምንቱ የራሂማ እኅት መጣች፣ ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ የጠዋቶቹ ሴቶች በሙሉ።

እንዲህ ሆነን ቀጠልን። ጂሙ ተዘግቶ ሳለ ጂሙ በየቤቱ ገባ። እኔ የአሸዋ ቦርሳ እሰፋለሁ፤ ለጀማሪ ትንሽ፣ ለበረታች ትልቅ። የቀርከሃ ዘንግ በማንጠልጠያዎቹ አሳልፈን ማታ የሚሠሩት ወንዶችም በሁለት በኩል ቦርሳ አድርገው እንዲያነሱ አደረግን። አምሳል ከአጥር አጥር እየዞረች፣ ማስኳን አድርጋ፣ ግቢ ሳትገባ ከውጭ ታሠራቸዋለች። በወር በወር የቻሉትን ይከፍላሉ፤ ያልቻለችም ድንች ታመጣለች። ከግምጃ ቤት ከተማ በኩል ቅቤ ይዛ የምትመጣው ትዕግስት፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ ሴቶቹ አሸዋ አዝለው ሲዞሩ አየችና ለቦርሳዎቹ በአገውኛ ስም አወጣችላቸው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ "የማያለቅሱ ልጆች" ማለት ነው። ስሙ ከተማውን ሞላው። "የማያለቅስ ልጅ አለሽ?" ብለው ሱቄ ይመጣሉ፤ "የስንት ዓመት ይሁንልሽ?" እላለሁ እኔም።

የጋሼ ይሄይስ ባለቤት እትዬ ያለምወርቅም አንድ ወሰዱ። እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ከበርጩማ ለመነሣት እንኳ የሰው እጅ ይፈልጉ ነበር፤ ትንሿን ሰጠኋቸው። ታዲያ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ አንዳርጋቸው በአጥር በኩል ሲያልፉ እትዬ ያለምወርቅን በጀርባቸው ጥቅል ነገር አዝለው እሹሩሩ ሲሉ ያዩአቸዋል። ዓይናቸው ደካማ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ የልጅ ልጅ መስሏቸው "ጌታ ያሳድገው፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃው" ብለው ረዥም ጸሎት አደረጉ። እትዬ ያለምወርቅም እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰምተው "አሜን" አሉ። ይኸው የተባረከ አሸዋ እንጅባራ ውስጥ አለ።

ሰኔን በዚህ አለፍን። የቤቱንም ኪራይ ሳናስታጉል ከፈልን። ልነግርሽ ነበር፤ ግን ስትደውይ ድምፅሽ የደከመ ይመስለኝና "ደህና ነኝ ልጄ" ብዬ እተወዋለሁ።

ሐምሌ ላይ አምሳል ታመመች።

መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። የእኛን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ያህል ነው፣ እሷም በዚያ ዝናብ ከአጥር አጥር ስትዞር ከርማለች። ቀጥሎ ማሽተት ተሳናት። ቀጥሎ ትንፋሽ አጠራት። ምርመራ ተደረገላትና አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። ወደ ጨረቃ እንደሚሄዱት የለበሱ ሰዎች ግቢያችን ገብተው ሲያወጧት መንደሩ ሁሉ በየአጥሩ ቆሞ ያያል። እሷ ደግሞ በር ላይ ዘወር ብላ "እማማ፣ አይቅረቡኝ፣ ደህና እሆናለሁ" አለችኝ። እኔንም መርምረው ነጻ ነሽ አሉኝ፤ ቢሆንም ከቤት እንዳትወጪ ተባልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። በመስኮት ባይ ቦርሳዎቹ ናቸው። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ከበሩ ራቅ ብለው ይወረውሩና ፊታቸውን ሸፍነው ይመለሳሉ። አልፈርድባቸውም። ሁሉም ቤት ልጅ አለ፣ ሁሉም ቤት ሽማግሌ አለ። አምሳል አጥራቸው ሥር ቆማ ስትጮህ ከርማለች፤ ፈሩ። ግን ልጄ፣ እነዚያ ቦርሳዎች ዝናብ ላይ ተከምረው፣ ሸራው ውኃ ጠጥቶ ሲጠቁር ማየት... እኔ የሰፋኋቸው ናቸው። የእያንዳንዱን ጥግ በእጄ ነው ያከበብኩት።

ራሂማም መልሳለች። የእሷን ቦርሳ በማዘያው ስለማውቀው ለየሁት። ያንኑ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ግን ድስት በፎጣ ጠቅልላ አጥሩ ላይ አስቀምጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆና "የሻረግ! ሳይበርድ ብዪው!" ብላ ጮኸች። እስክወጣ ድረስ ምግቤን አላስቀረችብኝም። ቦርሳዋን መመለሷ ከፍርሃት ነው፣ ድስቱም ከፍቅር ነው፤ ሁለቱንም ተቀበልኩ።

አምሳል ከለይቶ ማቆያው ደወለች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል።

"እማማ፣ ሴቶቹስ? እየሠሩ ነው?"

ልዋሽ ነበር። "ቦርሳዎቹን መልሰዋል" አልኳት።

"ሁሉም?"

"በር ላይ ተከምረዋል።"

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ "አምሳል? አምሳል?" እላለሁ። ስታለቅስ እንደነበር ኋላ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ "እማማ፣ እስቲ አንዱን ያስገቡት" አለችኝ።

"ለምን?"

"እርስዎ ያንሱልኝ።"

"እኔ? አንቺ ልጅ ትኩሳቱ ወደ ራስሽ ወጥቷል መሰለኝ።"

"ደክሞኛል እማማ። ዝም ብዬ ስተኛ ትንፋሼን ብቻ ነው የምሰማው፣ እሱ ያስፈራኛል። እርስዎን ላሠራዎት። እርስዎ ይቁጠሩ፣ እኔ እሰማለሁ።"

ምን ላድርግ። ትንሹን ቦርሳ አስገባሁ፣ በፎጣ አደረቅሁት፣ ስልኩን ስፌት መኪናው ላይ አቆምኩት። "እግርዎን በትከሻዎ ልክ ይክፈቱ" አለችኝ። ከፈትኩ። "ጀርባዎን ቀጥ ያድርጉ። ሲያነሡ ትንፋሽዎን ያውጡ፣ አይያዙት።" አነሣሁ። "አንድ" አልኩ። ወገቤ ጮኸ። "ሁለት" አልኩ። እሷ ማዶ ሆና "ጎበዝ እማማ፣ ይተንፍሱ" ትላለች፤ ራሷ ሳትተነፍስ እኔን ይተንፍሱ ትለኛለች። አምስት ላይ ሳልደርስ ሁለታችንም እየሳቅን ነበር፣ እሷ እየሳለች፣ እኔ ግድግዳ ይዤ።

በየቀኑ ትደውል ጀመር። ከጎኗ የተኛችው ሴትዮ "ማንን ነው የምታስቆጥሪው?" ብላ ጠየቀቻት። "የጓደኛዬን እናት" ስትላት "እስቲ እኔም ልስማ" አለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አደረጉት። ከዚያ እኔ እዚህ ስቆጥር እነሱ እዚያ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቦርሳ ባይኖራቸውም እጃቸውን ብቻ ወደ ላይ እያነሡ አብረውኝ ይቆጥራሉ። አንዳንዱ ቀን የቆጠራው ድምፅ ይበዛል፣ አንዳንዱ ቀን ይቀንሳል። ሲቀንስ ማን እንደጎደለ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሁን ሌላ፣ አልጠይቅም ነበር።

ርሆቦት፣ ያኔ ነው ሥራሽ የገባኝ። ሰው የሚያነሣው ብረቱን አይደለም። ሰውነቱ ገና የራሱ መሆኑን ነው የሚያየው። ቤት ተዘግቶብኝ፣ አንቺ ባሕር ማዶ፣ አምሳል በዚያ ሁኔታ፣ ከአባትሽ ሞት ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቦርሳውን ይዤ ስቆጥር ግን ለመፍራት ቦታ አልነበረኝም። "ይህን ነው ልጄ ለእነዚያ ሴቶች ይዛላቸው የመጣችው" አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ ሙያ ተማርኩ፣ ደስ ብሎኛል።

አምሳል በነሐሴ ዳነች፤ ክብር ለጌታ ይሁን። ከስታ፣ ደረጃ ስትወጣ እያረፈች፣ ግን በእግሯ መጣች። እኔ የተቀበልኳት በእልልታ ነው፤ ጎረቤቱ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ነው ያያት። ያኔ ነው ጋሼ ይሄይስ ጃንጥላ ይዘው ግቢያችን በር ላይ የቆሙት። የድንቹ ነገር መጣ አልኩ። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንሥቼ ወጣሁ፤ ልሰጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

"ወይዘሮ የሻረግ፣ አንድ ቅሬታ አለኝ" አሉ፣ ከሩቅ።

"ይናገሩ ጋሼ።"

"ያለምወርቅ ያቺን ቦርሳ አልመለሰችም።"

እኔ ግራ ገባኝ። "ታዲያ..."

"አልጋ ሥር ደብቃ ነው። እኔ በሽታ ነው፣ ልጣለው ብዬ ስጎትት እጄን መታችኝ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር መትታኝ አታውቅም።" ሳቃቸው መጣ፣ ጃንጥላው ተነቃነቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ወደ መሬት አዩ። "ትናንት ከበርጩማዋ ብቻዋን ተነሣች። እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ሳትይዘው አልፋኝ ሄደች። እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።" ቀጥለውም "የድንቹን ሰው ሌላ ቤት ፈልግ ብዬዋለሁ። ኪራዩንም ክፉው ቀን እስኪያልፍ እንደሚችሉት ያድርጉት" አሉኝ። ቁልፉ እጄ ላይ እንዳለ ገብቼ አለቀስኩ።

ወሬው እንዴት እንደሄደ እንጃ፤ እትዬ ያለምወርቅ ራሳቸው ሳይነግሩ አይቀሩም። ሴቶቹ እያፈሩ ተመለሱ። መጀመሪያ ራሂማ መጣች፤ "ያቺን ልጄን" አለችኝ፣ ወደ መሬት እያየች። እኔና አምሳል አሸዋውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ሸራውን በሳሙና ቀቅለን፣ የተበላሸውን እንደገና ሰፋን። መስከረም ጠብቶ ሲፈቀድልን ጂሙን ከፈትን። መስኮቶቹን በሙሉ ከፍተን፣ በር ላይ የውኃ በርሜልና ሳሙና አስቀምጠን፣ ጥቂት ጥቂት ሰው እያስገባን።

እንዳላስዋብብሽ፤ ተረፍን እንጂ አልበለጸግንም። መብራት ይሄዳል፣ የማታዎቹ ወንዶች ገና ግማሾቹ አልተመለሱም፣ ያ ብስክሌት ሰንሰለቱ ይንቋቋል። ግን የኪራዩ ይወጣል፣ የአምሳልም ይወጣል፣ በሩ ጠዋት ይከፈታል። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ አሮጊቶቹን የማሠራው እኔ ነኝ! አትሳቂ። ያንቺን የስፖርት ጫማ ሁለት ካልሲ ደርቤ አድርጌዋለሁ፤ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ፊታቸው ስቆም እትዬ ያለምወርቅ "አሠልጣኛችን ዛሬ ምን ልታደርገን ነው?" ይላሉ።

መርዋንን ስላንቺ ጠየቅሁት። "ደህና ናት እማማ" አለኝና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ያማስል ነበር። "የምትሠራበት የሴቶች ጂም ተከፈተ?" ስለው "እሱ... እኔ በዚያ በኩል ብዙ አልሄድም" አለኝ። ደግሜ አልጠየቅሁትም። አንቺንም አልጠይቅሽም፤ የምትነግሪኝን ንገሪኝ፣ የማትነግሪኝን ተዪው። ሰው ወለል ጠርጎም ቢሆን ሠርቶ ሲበላ የሚያሳፍር ሥራ የለም፣ ይህንን ግን እወቂ። ከሽሮው ሥር ቫዝሊንና ለጋ ቅቤ አለ፤ ማታ ማታ ሳሙና የነካውን እጅሽን ቀቢው፣ በረኪና ቆዳ ይበላል። ወፍራም ካልሲም አለ። አብረውሽ ለሚያድሩት ልጆችም ከበርበሬው አካፍያቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዳንግላ ሴቶች ስለ እኛ ሰምተው አምሳልን ጠርተዋታል። እናቷም እዚያ ናቸው፣ እያረጁ ነው። በጥር ሄዳ በቦርሳዎቹ ትጀምራለች፤ እኔ እየሰፋሁ እልክላታለሁ። ሂጂ ብያታለሁ፣ መርቄያታለሁ። ስለዚህ ከጥር በኋላ የጠዋቱን ሴቶች የሚያሠራ ሰው የለም። እኔ ለአሮጊቶቹ እንጂ ለእነዚያ አልበቃም። ራሂማ ትጨቀጭቀኛለች፣ "አንድ ሰው ፈልጊ እንጂ፣ ጥር እኮ ነገ ነው" ትለኛለች። ባለፈው ሰሞንም አንዲት ጎበዝ ልጅ ከጫግኒ መጥታ ቦታው አለ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ የተማረች።

"ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሰው አለን" አልኳት።

የአባትሽን ጎዳና ሁሉ ያቀናለት ጌታ ያንቺንም ያቅናልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሕመም፣ ከክፉ ብቸኝነት ይሰውርሽ። የቆምሽበት መሬት ይጽናልሽ፤ የምትመጪበት መንገድ ይቅለልልሽ።

ከእጅሽ ጀምሬ የምስምሽ
እናትሽ የሻረግ